የልጅ አባት በሕግ የሚታወቀው እንዴት ነው?



ንባብ የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሣጥኑን መፈተሽ ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የዕድር ደብተር፣ የመሬት ደብተር፣ ከዘመድ የመጣ ደብዳቤ፣ ሁሉም ይወጣል። ትናንት በሰው አፍ የተሰማው ዛሬ በራስ ዓይን ይታያል።

በማታው ክፍል ከሚማሩት እናቶች አንዷ በቅርቡ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው መጡ። በላስቲክ የተጠቀለለ፣ እጥፋቱ ያለቀ ባለአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። የላከው ሰው ያኔ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበር። ደብዳቤው በመጣ ጊዜ ያነበበላቸው የጎረቤት ተማሪ «ሰላምታ ልኮልሻል፤ ሦስት መቶ ብርም አለው» ብሎ አለፈ። አሁን ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡት አንድ መስመር ላይ ቆሙ። «በብሩ ለልጄ ልብስ ግዢበት» ይላል። ሰውዬው ከመተማ ተመልሶ ሌላ አግብቷል። ልጁ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። አገር ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፤ እሱ ግን «አላውቀውም» ይላል። እናትየዋም «ይህቺ ‹ለልጄ› የምትለዋ ቃል ፍርድ ቤት ትጠቅመኛለች ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

ትጠቅማለች። በጣም ትጠቅማለች። እንዴት እንደምትጠቅም ለማስረዳት ግን ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

የልጅ እናት ማን እንደሆነች በሕግ ለማወቅ ብዙ ክርክር የለም። የወለደችው እናቱ ናት፤ አለቀ። አባትን ግን ሕጉ የሚያውቀው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው እናትና አባት በነበራቸው ትዳር ወይም አብሮ መኖር ነው። ሁለተኛው ሰውዬው ራሱ «ልጄ ነው» ብሎ ሲቀበል ነው። ሦስተኛው ፍርድ ቤት አጣርቶ ሲወስን ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ያልገባ ልጅ፣ ጎረቤት ሁሉ አባቱን ቢያውቅለትም፣ በሕግ ፊት አባቱ አልታወቀም ማለት ነው። አባቱ ካልታወቀ ደግሞ ከአባቱ ቀለብ ሊጠየቅለት አይችልም። አባቱ ሲሞትም ውርስ ልጠይቅ ቢል «ልጅነትህን አስረዳ» ይባላል።

የመጀመሪያው መንገድ ቀላሉ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው። ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን፣ በሸሪዓ፣ በአገር ባህል ወይም በመዘጋጃ ቢፈጸም ለውጥ የለውም። ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አንድ ጎጆ ገብተው የኖሩም እንደዚሁ ናቸው፤ በዚያ ጊዜ የተጸነሰው ወይም የተወለደው ልጅ አብሯት የኖረው ሰው ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉ ቀን ይቆጥራል። ጋብቻ በሞት ወይም በፍቺ ከፈረሰ በኋላ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ በጋብቻው ውስጥ እንደተጸነሰ ይቆጠራል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ አያስቸግርም፤ አሥር ወር ማለት ነው። እንበል ባል መስከረም 1 ቀን ሞተ። ሚስት በግንቦት ብትወልድ ሕፃኑ የሟች ልጅ ነው። የሟች ወንድሞች «ወንድማችን ከሞተ ስምንት ወር አለፈው» ብለው ቢያጉረመርሙ ሕጉ አይሰማቸውም። በጥር የሞተ ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን መቁጠር አትርሱ። አምስት ቀንም ብትሆን ቀን ናት።

ባል «ይህ ልጅ የእኔ አይደለም» ለማለት ጨርሶ አይችልም ወይ? ይችላል፤ ግን በጠላ ቤት ወሬ አይደለም። ልጁ ከመወለዱ በፊት ከ300ኛው እስከ 180ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከሚስቱ ጋር እንዳልተገናኘ በፍርድ ቤት ማስረዳት አለበት። ክሱንም መወለዱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ልጁን አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ከሚስቱ ጋር በተጣላ ጊዜ ዐሥር ዓመት የሞላውን ልጅ «አንተ የእኔ አይደለህም» ማለት በሕግ ዋጋ የለውም። በልጁ ልብ ላይ ግን ምን ያህል ጠባሳ እንደሚጥል እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ ልጅነትን መቀበል ነው። አንድ ሰው ከሴት ጋር ሳይጋቡም ሆነ አብረው ሳይኖሩ ልጅ ቢወልድ፣ «አዎ የእኔ ነው» ብሎ መቀበል ይችላል። ልጁ ገና በማኅፀን ሳለም ቢሆን ይቻላል። ነገር ግን መቀበሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ወይ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ ወይ በኑዛዜ፣ ወይ ሥልጣን ባለው ክፍል በተረጋገጠ ሰነድ ይሆናል። ለክርስትና ድግስ ላይ ብርጭቆ አንስቶ «ልጄ ነው» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም። የክብር መዝገብ ሹም የሚባለው ሩቅ ያለ ሰው አይምሰላችሁ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ መሠረት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገቡት በየቀበሌው ነው። ብዙዎቻችሁ እስከ ዛሬ ገበሬ ማኅበር እያላችሁ የምትጠሩት ቀበሌ ማለቴ ነው። ልጅነትን መቀበልም እዚያው ይመዘገባል። የተወለደ ልጅ በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገብ ይላል አዋጁ። አራስ ቤት ሳላችሁ አንድ ሰው ላኩ ወይም ክርስትና ሲነሳ አስታውሱ። ኋላ ከሚመጣው ክርክር ግማሹ ያን ጊዜ ይቀራል።

ታዲያ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ውስጥ እናቶች የማያውቋት አንዲት ነገር አለች። አባት ነኝ የሚለው ሰው መቀበሉ የሚጸናው እናትየዋ «እውነት ነው» ብላ ስታምንለት ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? እንበል እከሌ የተባለ ሰው ልጅ ሲወለድ ዞር ብሎ አላየም። ልጁ ስምንት ዓመት ሞልቶት ከብት ለማገድ ሲደርስ ግን መጣና «ልጄን ስጪኝ» አለ። አባት መሆኑ እውነት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ካልሆነ ግን ማንም ተነስቶ የሰው ልጅ የራሴ ነው እያለ እረኛ እንዳይሰበስብ ሕጉ የእናትየዋን ቃል ይጠይቃል። እናት ከሞተች ወይም ቃሏን መስጠት ካልቻለች በእሷ በኩል ያሉ ወላጆቿ ወይም የልጁ አሳዳሪ ይጠየቃሉ። አንድ ጊዜ በሕግ የተቀበለ ሰው ደግሞ ነገ ሲቆጣ ተመልሶ «ሰርዙልኝ» ማለት አይችልም።

ወደ ሦስተኛው መንገድ እንግባ። የእናትየዋም ደብዳቤ የሚገባው እዚህ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ነገር በጣም ጠባብ ነበር። ፍርድ ቤት «አባቱ አንተ ነህ» ብሎ ሊወስን የሚችለው እናትየዋ በተጠለፈች ወይም ተገድዳ በተደፈረች ጊዜ ብቻ ነበር። «አገባሻለሁ» ተብላ የተታለለች፣ በሰው ቤት ስትሠራ ጌታዋ ያስረገዛት፣ ሁለት ዓመት ሲመላለስባት ኖሮ ሆዷ ሲገፋ የጠፋባት ሴት ልጇ በሕግ የእናቱ ብቻ ነበር። ጥፋት ያላደረገው ሕፃን ቅጣቱን ተሸከመ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ዳኞቹ ልባቸው እያወቀ እጃቸው መታሰሩ ነው የገረመኝ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው አለ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል ነው ሲልም ደነገገ። ከዚያም በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ ቁጥሩ 213 ነው። ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል። ክልሎች ደግሞ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ፤ ለምሳሌ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። በቁጥርና በአንዳንድ ዝርዝር ሊለያዩ ስለሚችሉ የእናንተን ክልል ሕግ ከወረዳ ፍርድ ቤት ጠይቁ።

የ1992ቱ ሕግ የፍርድ ቤቱን በር ሰፋ አድርጎ ከፈተ። ጠለፋና አስገድዶ መድፈር እንዳሉ ሆነው ሌሎች ተጨመሩ። ሰውዬው ሥልጣኑን መከታ አድርጎ፣ አገባሻለሁ ብሎ ቃል በመስጠት ወይም ይህን በመሰለ ተንኮል አታሏት ከሆነ አንዱ ነው። ጋብቻም ሆነ የታወቀ አብሮ መኖር ሳይኖራቸው፣ እርግዝናው ሊጀመር በሚችልበት ጊዜ ውስጥ ሳያቋርጡ የሚገናኙ ከነበረ ሌላው ነው። ሰውዬው ልጁን እንደ አባት ሆኖ በመመገብ፣ በማሳደግ ወይም በማስተማር ተካፍሎ ከሆነም ይቆጠራል። እንዲሁም አባትነቱን በማያጠራጥር ሁኔታ የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ራሱ ጽፎ ከሆነ፣ ያም በቂ ምክንያት ነው።

«በማያጠራጥር» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በአገራችን ትልቅ ሰው ሁሉ ታናሹን «ልጄ» ይላል። ስለዚህ ተከራካሪው «ለልጄ ያልኩት እንደ አገር ልማድ ነው» ብሎ ሊያመልጥ ይሞክራል። ደብዳቤው የሚጠነክረው የልጁን ስም ሲጠራ፣ መወለዱን ሲያነሳ፣ ጊዜው ከእርግዝናው ወይም ከአራስነቱ ጋር ሲገጥም ነው። እናትየዋ ያመጡት ወረቀት ታች ላይ «አራሷ እንዴት ናት? ስሙንስ ማን አላችሁት?» የሚል አለበት። በመጀመሪያው ቀን አላነበቡትም ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ነው የደረሱበት። እንግዲህ የመንገደኛ ልጅ ስም ማን ይጠይቃል? ደግሞም ሦስት መቶ ብሩን ያመጣው ሰው በሕይወት አለ። ደብዳቤና ምስክር ሲደጋገፉ አንዱ ለሌላው ምርኩዝ ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ በላዩ ምንም አትጻፉበት፤ ፊደል መለማመጃም አታድርጉት። ፖስታው ካለ አብሮ ይቀመጥ፤ ቀን የሚገኘው እሱ ላይ ነውና። በፎቶ ኮፒ አባዙና ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ «ላሳይልሽ» ለሚል ሽማግሌም ቢሆን። ሰውዬው ራሱ መጻፍ ስለማይችል በሌላ ሰው እጅ አጽፎት ከሆነ፣ የጻፈለትን ሰው ለምስክርነት ፈልጉት። ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍ ጥቂት ስለሆነ በስልክ የተላከ መልእክትና በባንክ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝም እንደዚሁ አይጥፋ።

«መልኩ ቁርጥ እሱን ነው» የሚለው የመንደር ማስረጃስ? እውነቱን ለመናገር ብቻውን የትም አያደርስም። ምስክር ሲጠራ ስለ አፍንጫና ስለ ግንባር እንዲናገር አይደለም። ያየውን ይናገር። ክርስትና ሲነሳ ድግሱን የደገሰው ማን ነበር? ወይም ለሕፃኑ አቂቃ በግ ያረደው ማን ነበር? ልጁ ሲታመም ጤና ጣቢያ ተሸክሞ የወሰደው ማን ነው? «አባዬ» ሲለው «አቤት» ይል ነበር ወይ? የልደት መዝገብ በሌለበት ሕጉ የልጅነት ሁኔታ መኖር የሚለውን ይቀበላል። ይህም ማለት ዘመድና አካባቢው ሁሉ ያንን ልጅ የዚያ ሰው ልጅ አድርጎ ይዞት መኖሩ ነው።

ተከሳሹም መከላከያ አለው፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። በዚያ ጊዜ ሩቅ አገር እንደነበረና ሊገናኙ ጨርሶ እንደማይችሉ ካስረዳ፣ ወይም በደም ምርመራ ወይም በሌላ አስተማማኝ የሕክምና ዘዴ አባት ሊሆን እንደማይችል በማያጠራጥር ሁኔታ ከተረጋገጠ ይለቀቃል። ዲ.ኤን.ኤ የሚባለው ምርመራ አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ከእናቱ ግማሽ፣ ከአባቱ ግማሽ የወረሰው ምልክት አለ። ከእናትየው የመጣው ግማሽ ሲለይ የቀረው ከአባት የመጣ ነው። እሱ ከሰውዬው ጋር ይነጻጸራል። ከአፍ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና እንኳ ይሠራል። በየወረዳው ግን አይገኝም፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ስለዚህ ምርመራውን እየጠበቃችሁ ምስክርና ጽሑፍ ከመሰብሰብ አትዘናጉ።

አባት በሕግ ከታወቀ ቀጥሎ የሚመጣው ቀለብና ልጅን ማሳደግ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያደባልቃቸዋል።

ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም። ሕጉ ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ እንዲሁም ትምህርት ይላል። ልኩ የሚወሰነው በልጁ ችግርና በከፋዩ አቅም ነው። ለሁሉም እኩል የተቆረጠ ዋጋ የለም። ስለዚህ ከሳሿ «ይክፈለኝ» ብቻ ብላ ብትሄድ ዳኛው በምን ይለካዋል? ስንት ጥማድ ያርሳል? ስንት በሬ አለው? ቡና ወይም ባሕር ዛፍ ይሸጣል ወይ? ደመወዝተኛ ከሆነ ስንት ይከፈለዋል? ይህን ይዛችሁ ሂዱ። የልጁንም ወጪ እንደዚሁ ጻፉት፤ ደብተር ይህን ያህል፣ ጫማ ይህን ያህል፣ እህል በወር ይህን ያህል። መደመር ተምራችሁ የለም እንዴ? የተወሰነው ቀለብም ለዘላለም የታሰረ አይደለም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም ኑሮ ሲወደድ እንዲጨመር፣ በረዶ አዝመራውን ሲመታበት ደግሞ ከፋዩ እንዲቀነስለት መጠየቅ ይቻላል። ሳይጠየቅ የተከማቸ የድሮ ቀለብ ግን ሊቀር ስለሚችል ክሱን አታዘግዩ።

በሽማግሌ የሚደረገውን ነገር እዚህ ላይ ላንሳ፤ አባቶቼ እንዳትቀየሙኝ። ሽማግሌ ስንቱን ደም አድርቋል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ «ሁለት ኩንታል ጤፍ ይስጥሽና ሁለተኛ እንዳትደርሺበት» የሚል ስምምነት ይጻፍና ሴትየዋ ጣቷን ታትማለች። ያ ቀለብ የእሷ አይደለም፤ የልጁ ነው። ልጁ ደግሞ ሁለት ኩንታል ጤፍ ከተበላ በኋላም ይርበዋል። አባትነትም እንደ በሬ በሽማግሌ ፊት የሚሸጥ ወይም የሚለወጥ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ጣት ያተማችሁ ሴቶች «በቃ ቀረ» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ፍርድ ቤት ጠይቁ። ሽማግሌዎችም ብትሆኑ ቀለቡ በየወሩ እንዲሰጥና አባትየው ቀበሌ ሄዶ ልጅነቱን እንዲቀበል ብታስማሙ ሥራችሁ በሕግም ይጸናል።

ልጁ ከማን ጋር ይደግ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የ1952ቱ ሕግ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ለእናቱ ይሰጥ ይል ነበር። የ1992ቱ ሕግ ግን እንዲህ ያለ የዕድሜ ቁርጥ አላስቀመጠም። ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ ከሁሉም በላይ የልጁን ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል። አባት ሀብታም ስለሆነ ብቻ ልጁን ይወስዳል ማለት አይደለም። ሀብቱ በቀለብ በኩል ይመጣ የለም እንዴ? እናት ስለሆነችም ብቻ ሁልጊዜ ለእሷ ይሰጣል ማለት አይደለም። ልጁን ያላገኘው ወላጅ የመጠየቅና የማየት መብት አለው፤ ልጁም ወላጁን የማየት መብት አለው።

ስለዚህ «ልጁን ካላሳየችኝ ቀለብ አልሰጥም» የሚለው አባት ተሳስቷል። «ቀለብ ካላመጣ ዓይኑን አያይም» የምትለው እናትም ተሳስታለች። አንዱ ባጠፋ ሌላው ፍርድ ቤት ይክሰሰው እንጂ በልጁ ሆድ ወይም በልጁ ናፍቆት አይበቀል።

ክሱ የሚቀርበው ለወረዳ ፍርድ ቤት ነው። አባትነት እንዲወሰንና ቀለብ እንዲቆረጥ በአንድ ማመልከቻ መጠየቅ ይቻላል። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የሌላት እናት ድህነቷን የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌዋ ይዛ በደሃ ደንብ እንድትከስ መጠየቅ ትችላለች፤ ይህ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ያለ መብት ነው። በወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍልም ምክር ይጠየቃል። ማመልከቻውን ራስ ጽፋችሁ ከሚጽፍላችሁ ሰው ጋር አብራችሁ አንብቡት። የልጁ ስምና የተወለደበት ቀን ተሳስቶ የሚመለሰው ብዙ ነው።

ፍርዱ ሲሰጥ ግልባጩን ወስዳችሁ ለቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም አሳዩ፤ በፍርድ የታወቀ አባትነት በመዝገብ ይገባል። ልጁም ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የአባቱን ስም ከዚያ ያገኛል። ተፈርዶበት የማይከፍል ሰው በአፈጻጸም ይጠየቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያለ በቂ ምክንያት ለልጁ ቀለብ የሚነፍግን ሰው ይቀጣል።

እናትየዋ ማመልከቻቸውን ጽፈው ጨርሰዋል። በሁለት ቦታ «ለ» እና «ሰ» ተምታቶባቸው ነበር፤ አርመውታል። ደብዳቤው ሦስት ኮፒ ወጥቶለት ዋናው ወደ ሣጥኑ ተመልሷል። የፊታችን ሰኞ ገንዘቡን ያመጣውን ሰው ይዘው ወረዳ ይወርዳሉ።